መቁጠሪያ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ጭጋጉ ጦሳን ውጦ እስከ ደጃችን ወርዷል፤ የደሴ ሐምሌ ነው እንግዲህ። ጋቢ ተከናንቤ በተቀመጥኩበት ሰዓቱ እጄ ላይ ነዘረ። ተነሺ፣ ተንቀሳቀሺ ማለቱ ነው። ሰዓቱን የላከችው ያቺው ጅዳ ያለችው እህቴ ናት። በቪዲዮ ስናወራ ጉንጬን አይታ መሆን አለበት።

እማ ንዝረቱን ሰማች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የእርምጃ መቁጠሪያ።"

መቁጠሪያ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ።

"ስንት ነው?"

"አስር ሺህ።"

"ውይ! የኔ 41 ፍሬ ነው። አብሽሪ፣ ታደርሽዋለሽ።"

አስር ሺህን ሐኪም ያዘዘው ይመስለኝ ነበር። ለካ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈ በዓመቱ፣ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ጃፓኖች ለገበያ ያወጡት መሣሪያ ስም ነው፤ "ማንፖ ኬይ"፣ የአስር ሺህ እርምጃ መለኪያ። የባሰውም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 471 ወጣቶችን ሁለት ዓመት ተከታተለ። ሁሉም አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉና እንዲንቀሳቀሱ ተመክረዋል። መሣሪያ ያሰሩት በአማካይ 3.5 ኪሎ ቀነሱ። ያላሰሩት 5.9። ለምን እንደሆነ እነሱ ይጨነቁበት። እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ ስምንት ሺህ ከደረስኩ አንድ ጭልፋ ወጥ መጨመር መብቴ ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ፍትሕ አያውቅም። ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሜዳ ለሜዳ ተንሸራሽራ ሁልጊዜ ትበልጠኛለች። እኔ ከፒያሳ እቤት እስክደርስ ልቤ ሊወጣ ነው፤ እሱ ግን ለአቀበቱም ለሜዳውም አንድ አንድ ይቆጥራል። ቅዳሜ ድንች ተሸክሜ ስመጣማ እጄ ስላልተወዛወዘ ግማሹን መንገድ በላብኝ።

ዛሬ ከሰዓት ቡና ወቀጥኩ። አጎንብሼ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ። ቀና ብዬ ባየው 300 ጨምሮልኛል! ከእማ ጋር እስኪያመን ሳቅን። እሷ እድሜ ልኳን ስትወቅጥ የኖረችው ቢቆጠር የት በደረሰች፤ ጅዳ ሳይሆን ይቀራል?

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። 9,412 ይላል። እማ ተኝታለች። ሙቀጫውን ቀስ አድርጌ ባወጣው ትሰማኝ ይሆን?