ከሎጎ እስከ ገርባ ጉራቻ፦ ሐይቅን ከዳርቻው ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት

ወዳጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው መስከረም ላይ «ዘንድሮ በበረዶ ግግር የተፈጠረ ሐይቅ በዓይኔ ሳላይ ዓመቱ አይወጣም» ብዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቃል ገብቼ ነበር። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሐይቅ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ከሎጎ ሐይቅ ዓሣ እየበላን ነው ያደግነው። ማይባርንም በልጅነቴ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እነዚህ ሐይቆች ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደተኙ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የማየው ውሃውን ብቻ ነበር። ዓይኔን ከውሃው አንስቼ ውሃውን ወደያዘው መሬት እንዴት እንዳዞርኩ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

ጥቅምት ላይ በልምምድ ጀመርኩ። ደሴ ራሷ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ከቆላ ከሚመጣ ሰው የተሻለ መነሻ አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እነሳና ከከተማው በላይ ወዳለው ጦሳ ተራራ አቀናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመፍጠን ነበር የምታገለው። ኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ዳገት ላይ ሳያቋርጡ ማውራት የሚያስችል እርምጃ ነው ትክክለኛው እርምጃ። ሦስት ቃል ተናግሬ ትንፋሽ ካጠረኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። በዚህ መለኪያ መሄድ ከጀመርኩ በኋላ ጉልበቴም ልቤም ተረጋጋ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ማይባር የሄድኩት ደብተር ይዤ ነው። ከሐይቁ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ ተቀምጬ ሁለት ጥያቄ ብቻ ለመመለስ ሞከርኩ፦ ውሃው በየት ይገባል? በየትስ ይወጣል? ቀላል ይመስላል እንጂ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዳገቱ የሚወርደው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚተርፈው ደግሞ ወደ ቦርከና ወርዶ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። የማይባር ዳገት በአፈር ጥበቃ ባለሙያዎች ዘንድ ስመ ጥር ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. አፈር በጎርፍ ምን ያህል እንደሚታጠብ የሚለካ የምርምር ጣቢያ የተቋቋመው እዚህ ነው። እርከኑን፣ ቦዩንና ማሳውን እያየሁ ቁጭ ስል ሐይቁ የዚያ ሁሉ ዳገት ማጠራቀሚያ መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ላይ የታጠበ አፈር ታች ደለል ሆኖ ይተኛል። ይህ ነገር ባሌ ላይ እንደገና ይመጣል።

ኅዳር ላይ ላሊበላ አጠገብ ያለውን የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ልወጣ ሞከርኩና አልሆነልኝም። ይህን በዝርዝር የምጽፈው ከእናንተ መካከል ማንም እንዳይደግመው ስለምፈልግ ነው። ማታ ላሊበላ ገባሁ፣ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ፣ ያለ ዕረፍት ወጣሁ። ስልኬ 3800 ሜትር ሲያሳይ ግንባሬን በገመድ ያሰሩኝ ያህል ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ሆዴም ተገለባበጠ። ትንሽ ከሄድኩ ይለቀኛል ብዬ ቀጠልኩ፤ ባሰብኝ። በግ የሚጠብቁ አንዲት እናት አዩኝና «አብሽር ልጄ፣ ቁጭ በል። ትንፋሽህ ሳይረጋ ውሃውንም አትጋተው» አሉኝ። ከጎኔ ተቀምጠው ከቆሏቸው ዘገኑልኝ። ፊቴን አይተው «በል አሁን ውረድ፣ ዛሬ አይሆንልህም» ብለው ቁልቁለቱን ግማሽ መንገድ ድረስ ሸኙኝ። 3000 ሜትር አካባቢ ስደርስ ሕመሙ ለቀቀኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። 4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይለምደዋል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። የተራራ ሰዎች የሚመክሩት ከ3000 ሜትር በላይ የምንተኛበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳናሳድግ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ከፍታ መጨመር የለም፤ ከባሰ ደግሞ መውረድ ነው፣ ሌላ መድኃኒት አይጠበቅም።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። ሁለት ሌሊት ከፍታ ላይ አድሬ በሦስተኛው ቀን 4260 ሜትሩ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ድንች ቀቅለን ነበር፤ ሰዓቱ ቢሄድም ልቡ አልበሰለም። ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ 86 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚፈላ፣ እሳቱ ቢጨመርም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። በሶ ይዛችሁ ሂዱ፤ አያቶቻችን ለመንገድ ስንቅ የመረጡት በምክንያት ነው። ጅብራው በውርጭ ነጥቶ፣ ጭላዶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ። በዚሁ የተራራ ሰንሰለት ላይ ተመራማሪዎች የጥንት የበረዶ ግግር አሻራ አግኝተዋል፤ የእኛው ወሎ በረዶ ተሸክሞ ያውቃል ማለት ነው። ያን ሳስብ የቆምኩበት ድንጋይ ሌላ ሆነብኝ። ነገር ግን በረዶው ቆፍሮት የሄደውን ሐይቅ ለማየት ወደ ባሌ መሄድ ነበረብኝ።

የካቲት። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ደግሞ ከዚያ የማያንስ መንገድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ። ዲንሾ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ አስጎብኚ ይዘን፣ ጎባ አድረን ወደ ሳነቴ ወጣን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳነቴ 4000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከአስታው ጫካ ወጥተን ሜዳው ላይ ስንደርስ የመጀመሪያዋን ቀይ ቀበሮ አየሁ። አፍንጫዋን ወደ መሬት አቀርቅራ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ አይጥ ስታደባ ነበር። ማናችንም አልተነፈስንም።

ገርባ ጉራቻ በኦሮምኛ ጥቁር ሐይቅ ማለት ነው፤ ከፍታው 3950 ሜትር። ከላይ በኩል ስትደርሱበት ሜዳው በድንገት ያልቅና እግራችሁ ስር ገደል ይከፈታል። በሦስት ጎን ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ውሃ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ ቶጎና ሸለቆ የሚከፈት አፍ። በደረቴ ተኝቼ አገጬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ ቁልቁል አየሁት። ነፋሱ ከሸለቆው ሲመጣ ውሃው ላይ ጥቁር ጥላ ከአፉ ወደ ግድግዳው እየሮጠ ይሄዳል፤ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይበተናል። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ሳላየው አልቀርም። ጓደኛዬ «እንሂድ እንጂ» ቢለኝ መነሳት አቃተኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀዝቃዛው ዘመን ፀሐይ የማያገኘው ጥግ ላይ የወረደው በረዶ በዓመቱ ሳይቀልጥ ይቆያል፤ የሚቀጥለው ዓመት በላዩ ይደርባል። እየተጫነ እየጠጠረ ግግር ይሆናል፤ ሲከብድ ደግሞ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ከጀርባው ያለውን ዓለት እየነቀለ፣ በነቀለው ድንጋይ ወለሉን እየፋቀ ይሄዳል። የረጋ ቅቤ በማንኪያ ሲዛቅ አይታችኋል? ከኋላ ያለው ገጽ ቀጥ ይላል፣ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ማንኪያው የወጣበት ከንፈር ከፍ ብሎ ይቀራል። በረዶው ቀልጦ ሲሄድ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል፤ ከንፈሩ ይገድበዋል። ገርባ ጉራቻ በትክክል ይህ ነው፤ ከአፋፉ ላይ ሆኜ በጣቴ ልከተለው ቻልኩ።

የማይባሩ ደለል ትዝ ያለኝ እዚያ ነው። ከዚህ ሐይቅ ወለል ሥር የተቆፈረው ጭቃ ከ16 ሺህ ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ይወስዳል። በየንብርብሩ ውስጥ የአበባ ብናኝና የከሰል ፍርፋሪ ተቀብሮ ስለተገኘ ምን ዓይነት ዕፅ በየትኛው ዘመን እንደበቀለ፣ መቼ እሳት እንደነበረ ከእሱ ይነበባል። ድንጋይ ወርውሮ ውሃውን ማደፍረስ፣ ዳሩ ላይ ሳሙና መጠቀም፣ ፌስታል ጥሎ መሄድ በእንዲህ ያለ ቦታ እጅግ ያሳዝናል። እባካችሁ የበላችሁበትን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሚያዝያ ላይ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። በልጅነቴ የማውቀውን ሎጎን እንደ አዲስ ላየው ፈለግሁ። ዙሪያውን በዓይኔ እየዞርኩ ግድግዳና ከንፈር ፈለግሁ፤ የለም። ኮረብታው ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ የበረዶ ሥራ አይደለም። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር በላይ ነው። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚተርፈው ውሃ በአንከርካ ወንዝ ይመጣለታል፤ ከእሱ ግን በወንዝ የሚወጣ ውሃ የለም። ማይባር ላይ የጠየቅኩት ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ መልሱ «በየትም» ሆነ፤ የሚገባው በፀሐይ ይተናል፣ ወይም ሳይታይ በመሬት ውስጥ ይሰርጋል።

ከዚያ እስጢፋኖስ ገዳም ወደሚገኝበት መሬት ሄድኩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ይህ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፣ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላየሁትም። አሁን ግን በጠባቧ የመሬት አንገት መሐል ቆምኩ፦ በግራም ውሃ፣ በቀኝም ውሃ። የቆምኩበት አንድ ዘመን የሐይቁ ወለል ነበር። ውሃው ወርዶ ነው መንገድ የሆነው።

አያቴ ስለ ሎጎ የነገረችን ተረት አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ ፈጣሪ ተቆጣና በዙሪያዋ ያለውን አገር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እሷ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፣ ገዳሙም እዚያ ላይ ቆመ። ከባሌ ከተመለስኩ በኋላ ተረቱን የበለጠ ነው የወደድኩት። የድሮ ሰዎችም ውሃውን ብቻ አላዩም፤ መሐሉ ላይ የቀረችውን ደረቅ መሬት አይተው «ይህች ለምን ቀረች?» ብለው ጠይቀዋል።

ለሚቀጥለው ከአርዲቦ ተነስቼ አንከርካን ተከትዬ እስከ ሎጎ በእግሬ ለመውረድ አስቤያለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይመቸኛል። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይንገረኝ፤ ደብተርና በሶ ይያዝ።