ቲማቲም፣ ታክሲና ሁለት መስመር ግጥም

ግጥም የሚጽፉ ጓደኞቼ «ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው። «አንድ ነገር ሳሉ» እላቸዋለሁ። ስዕል አልችልም የሚል ሰውም ይሳል። ስዕሉን ማንም ማየት የለበትም። ዓይንን አንድ ቦታ ላይ ካቆየልን ሥራውን ሠርቷል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳይ እውላለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ባለ 50 ቅጠል ደብተርና ሰማያዊ እስክሪብቶ አይጠፋም። በግራ ገጽ እስላለሁ፣ በቀኝ ገጽ እጽፋለሁ። እርሳስ ብይዝ ሐሳቤ ሁሉ ላጲሱ ላይ ነው የሚሆነው። በእስክሪብቶ ግን የሰመረም ያልሰመረም መስመር እዚያው ይቀራል። አጠገቡ ሌላ አሰምርና እቀጥላለሁ።

ከኮንዶሚኒየማችን በር ፊት ለፊት ጉልት የምትቸረችር ሴት አለች። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት «እህቴ፣ ልሳልሽ?» አልኳት።

«እኔን ተዪኝ፣ ቲማቲሙን ሳዪ» አለችኝ።

አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቲማቲሙን መሳል ጀመርኩ። ስንት ጊዜ የገዛሁት ቲማቲም ነው! ስስለው ግን ገና ያየሁት ያህል ሆነብኝ። እያንዳንዱ መደብ አራት ከታች፣ አንድ ከላይ ነው። የላዩ ሁልጊዜ ትልቁ ነው። የሁሉም ቀይ ጎን ወደ መንገዱ ዞሯል። ገና ያልበሰለው፣ አረንጓዴ የሆነው ጎን ወደ እሷ ነው። ገዢ መጥቶ ቀዩን ያያል። እሷ ቀኑን ሙሉ የምታየው አረንጓዴውን ነው። አንድ መደብ ሲሸጥ ከኋላዋ ካለው ሳጥን ሌላ ታወጣለች፣ በሽርጧ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ታደርገዋለች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ዞር። ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ ሳታየው ነው የምታዞረው። ጣቶቿ ያውቁታል።

ስጨርስ ደብተሩን አሳየኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችውና «ይሄኛው ትንሽ ወደዚህ ነው» ብላ በጣቷ ነካችው። ልክ ነበረች።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ኑሮ ውድነት ግጥም ልጻፍ ብል ይህንን ከየት አገኘው ነበር? ሁላችንም የምንለውን ነበር የምለው። ናፍቆትም፣ ችግርም፣ ተስፋም አይሳሉም። የቲማቲም መደብ ግን ይሳላል። ከተሳለ በኋላ ደግሞ ችግሩም ተስፋውም እዚያው ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ይህን ነገር ከአያቴ የወረስኩት ይመስለኛል። አያቴ በልጅነታቸው ጎጃም፣ ዋሸራ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ቤት የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ ናት። ተማሪው ከጉባኤው ወጣ ይልና ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ በሐሳቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙታል። አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲያጫውቱን ስለ ሰዋስው ብዙም አይሉም ነበር። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ዋርካ፣ ለቁራሽ ሲወጡ ስላባረራቸው ውሻ ነበር የሚነግሩን። ሰሙን ከዚያ ነው የሚያመጡት። ወርቁ በኋላ ይደርሳል።

ስዕልና ግጥም ከአንድ እጅ ሲወጡ ማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ ጎራ ይበል። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው ሙዚየም እዚያ ነው። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰዓሊ ነው። ገጣሚም ነው። ግጥሙን ሳነብ ቀለም ይታየኛል። እዚያ ስሄድ ሁሉንም ለማየት አልሞክርም። አንዱ ስዕል ፊት ቆሜ ቅርጹን ብቻ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ያንን ስዕል ከዚያ በኋላ አልረሳውም።

ታክሲ ውስጥ መሳል ደግሞ ሌላ ነው። ከኋላ ወንበር የሚታየው ማጅራት ነው። ሹሩባ፣ ኮፍያ፣ የነጠላ ጥለት። መንገዱ ሲያንገጫግጭ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ይንቀጠቀጥ። አንድ ቀን ሚኒባሱ እስኪሞላ በሩ አጠገብ ያለችውን ባዶ ወንበር እየሳልኩ ነበር። ረዳቱ ውጪ ቆሞ ይጣራል፦ «ቦሌ መገናኛ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!»

ጣቴ ጉልበቴ ላይ መቁጠር ጀመረ። ስድስት፣ ስድስት። የወል ቤት! በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም ያለው የግጥም ምጣኔ። ረዳቱ ሳያውቀው አንድ ሙሉ ስንኝ ሰጠኝ። ባዶዋን ወንበር ደግሜ አየኋት። ታላቅ እህቴ ጂዳ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እናታችን ዛሬም በበዓል ሲኒ ስትደረድር አንድ በአንድ በዓይኗ ትቆጥረናለች። መገናኛ ሳንደርስ ሁለተኛው መስመር መጣ።

ቦሌ መገናኛ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን፤
የበዓል ጠዋት ላይ፣ እናቴ ስትቆጥረን።

በድምፄ ቀድቼ ለእህቴ በቴሌግራም ላኩላት። በማግስቱ ፎቶ ላከችልኝ። የምትሠራበትን ወጥ ቤት መስኮት በሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስላዋለች። ከመስኮቱ ውጪ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ላይ የተሰጣ ልብስ አለ። ሌላ ምንም አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን በየሳምንቱ እንላላካለን። እሷ ትስላለች፣ እኔ ሁለት መስመር እሞክራለሁ። አንዳንዴ ይሳካል።

የቲማቲሙ ግጥም ግን ግማሽ ላይ ቆሟል። እስካሁን ያለኝ ይህች ብቻ ናት፦

ቀዩ ወደ መንገድ፣ አረንጓዴው ለሷ፤

«ነፍሷ» ብዬ ቤቱን መምታት እችላለሁ። ግን ነፍሷን አላየሁም፣ ያየሁት እጇን ነው። «ራሷ» ቢሆንስ? እሱም ቤት ይመታል። ቅዳሜ እሄድና ከፈቀደችልኝ ሻሿን እንዴት እንደምታስረው እስላለሁ። ቲማቲምም አልቆብኛል።