ነገ ባቢሌ ለልምምድ ለምትወጡ

ዛሬ ከኤረር ሸለቆ ወጥተን ሐረር ስንገባ ጨልሞ ነበር። ነገ ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ የምትወጡ ልጆች፣ ካሜራውን ተዉትና ሜትር ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው መጠለያ ስፋቱ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ዋናው ሥራ ዝሆን ማየት ሳይሆን ዱካና ፋንድያ ማንበብ ነው።

የፊት እግር ዱካ ክብ ነው፣ የኋላው ጠበብ ያለ ሞላላ። የፊተኛው ዙሪያ በሁለት ሲባዛ የትከሻውን ቁመት በግምት ይሰጣል። ጣጣው ምን መሰላችሁ? ዝሆን ሲራመድ የኋላ እግሩን የፊተኛው ዱካ ላይ ያሳርፋል፤ የተደራረበውን ከለካችሁ ቁጥሩ ገደል ገባ። ደረቅ አሸዋ ላይም ጠርዙ ስለሚናድ ዝሆኑ ያለ ልኩ ይገዝፍባችኋል። እርጥብ ደለል ፈልጉ።

ፋንድያው ሲፈረከስ ውስጡ ሞቅ ካለ መንጋው ቅርብ ነው። ያኔ ሜትሩን ከትታችሁ ነፋሱን እዩ። አመድ በካልሲ ቋጥሮ ማራገፍን የመሰለ መሣሪያ የለም (ካልሲው ያረጀ ይሁን፣ አዲሱ አያንጠባጥብም)። አመዱ መንጋው ወዳለበት ቁጥቋጦ ከሄደ ጠረናችሁም ሄዷል፤ ዙሩና በሌላ በኩል ግቡ። ጥቅጥቅ ያለ ቁልቋል ውስጥ ያን የሚያህል እንስሳ አጠገባችሁ ቆሞ ላይታይ ይችላል።

መዝገቡን በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ በላብ ይፈሳል። ስካውቱ (የመጠለያው ጠባቂ) «ቁሙ» ካለ ደግሞ «ለምን?» የሚባለው ካምፕ ከተገባ በኋላ ነው።