የስልኩ አባዬ

ይህን ምስክርነት ለሰው ሳወራ መጨረሻ ላይ ሁሌ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «እና ታረቁ?» ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አልታረቁም። እናቴና አባቴ ዛሬም የሚኖሩት ለየብቻ ነው። እኔ ግን «ከታረቁልኝ» ብዬ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳልኩትን ስለት አስገብቻለሁ።

አባቴ አሜሪካ የሄደው በ2001 ዓ.ም. ነው። እማዬ ያኔ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ነበር። ጥገኝነት ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ የእኛን ወረቀት አስገባ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ትዳራቸው ስድስት ዓመት በስልክ ኖረ። መጀመሪያ እየተቆራረጠ በካርድ፣ በኋላ በቫይበር። ቅዳሜ ማታ ኮተቤ ቤታችን ውስጥ ሦስታችንም አንዲት ስልክ ከበን እንቀመጥ ነበር። ወንድሜ አባቱን የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው።

በሐምሌ 2007 ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደላስ ኤርፖርት ስንደርስ አባዬ አበባ ይዞ ቆሞ ነበር። ወንድሜ አየት አደረገውና እማዬ ነጠላ ውስጥ ተደበቀ። «የስልኩ አባዬ የታለ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። አባዬ ግን አልሳቀም።

አምስት ወር እንኳ አብረው አልቆዩም። ማን እንዳጠፋ አልጽፍም፤ እኔም በደንብ አላውቀውም። እማዬ የጠበቀችው ከስድስት ዓመት በፊት ቦሌ የሸኘችውን ባሏን ነው። እሱም የጠበቀው ያኔ ትቷት የሄደውን ሚስቱን ነው። ያ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን አልመጣም። በኅዳር እማዬ እኛን ይዛ ሜሪላንድ፣ ዊተን ውስጥ የአንዲት ሐበሻ ቤት ቤዝመንት ተከራየች። አባዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቀረ።

እኔ 15 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ የኢሶል (ቋንቋውን ገና ለሚማሩ ተማሪዎች የሚሰጥ) ክፍል እንግሊዝኛ ነው፤ ግን ከእማዬ ይሻላል ተብሎ የቤቱ አስተርጓሚ ሆንኩ። የባንኩን፣ የሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ አነባለሁ። አንድ ቀን ከፍርድ ቤት ወፍራም ፖስታ መጣ። «ካስተዲ» የሚለውን ቃል ጉግል ላይ ፈልጌ ለእማዬ ነገርኳት። ከማን ጋር እንደምኖር የሚወሰንበትን ወረቀት እኔው ተረጎምኩት ማለት ነው። (ፍርድ ቤቱ ነፃ አስተርጓሚ እንደሚመድብ ያወቅነው ቆይተን ነው። እዚያ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ልጅ አታስተርጉሙ።)

ከዚያ በኋላ የአባዬን ስልክ ማንሳት ተውኩ። ቅዳሜ ሊወስደን ሲመጣ ራሴን ያመኛል፣ ፈተና አለብኝ። ወንድሜ ብቻውን ይሄዳል፤ ሲመለስም «አላወራሁትም» ይላል። ፊት ለፊት ያፍረዋል። ማታ ስልክ ሲደወል ግን አፉ አይዘጋም።

ታኅሣሥ 19 ቀን ተሳልኩ። «ገብርኤል፣ እናትና አባቴን አስታርቅልኝና ቁልቢ ድረስ ጥላ ይዤ እመጣለሁ።» የሚቀጥለው እሑድ የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሎች ቁጭ አደረጓቸው። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ በበሩ ቀዳዳ እሰማለሁ። ሳይስማሙ ተነሡ። እማዬ ያፈላችው ቡና ሦስተኛው ሳይጠጣ ቀረ። በዚያ ማታ መጸለይ አቆምኩ። በግልጽ ለመናገር፣ ከገብርኤል ጋር ተጣላሁ።

ከዚያ በጥር ያ ትልቁ በረዶ መጣ። ዋሽንግተን አካባቢ የነበረ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የ2016ቱን ስኖው አይረሳውም። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ሌሊት ወረደ። ሜትሮው ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ ተዘጋ። እማዬ ዓርብ ጠዋት አንዲት አሮጊት ለመጠበቅ ሥራ ሄዳ ነበር። ተረካቢዋ በስኖው ምክንያት ቀረች፤ አሮጊቷን ጥላ መምጣት አልቻለችም። አከራያችንም ቨርጂኒያ ልጇ ጋ ነበረች።

ቅዳሜ ወንድሜ በትኩሳት ነደደ። የትኩሳቱ ሽሮፕ አለቀ። የቤዝመንታችን በር ከመሬት በታች ነው፤ ደረጃው እስከ አፉ በበረዶ ሞላ። የውጩ በር ወደ ውጭ ስለሚከፈት ብገፋው ንቅንቅ አይልም። መስኮቱም ነጭ ሆኗል። ለምን 911፣ የድንገተኛ አደጋ ስልክ፣ አልደወልሽም የምትሉ ትኖራላችሁ። እማዬ «ብቻችሁን እንደምታድሩ ፈረንጅ ካወቀ ይወስዱብኛል» ትለን ነበር። እሷ ስትደውልም «ደህና ነን» አልኳት።

«አባዬ ጋ ደውዪ» አለኝ ወንድሜ። አልደውልም አልኩት። በዚህ ዛሬም ያመኛል።

ሌሊት ጨርቅ እያራስኩ ግንባሩ ላይ ሳደርግ ሳላስበው አፌ ተከፈተ። «ገብርኤል፣ ስለ እርቁ ትቼዋለሁ። ሰው ብቻ ላክልኝ። ማንም ይሁን።» ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ።

ያነቃኝ የአካፋ ድምፅ ነው። ረፋድ ላይ ነበር። በሩ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ብርሃን ገባ፣ ከዚያ የአባዬ ጃኬት። ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ በእግሩ መጥቶ ነው። አራት ማይል ገደማ ነው፣ በዚያ በረዶ። ጫማው ላይ ፌስታል አስሯል። አካፋውን የተዋሰው ከጎረቤታችን ከሳልቫዶሩ ሰውዬ ነው። በእጁ ሽሮፕ፣ ዳቦና ሁለት ብርቱካን ይዟል።

«በልተሻል?» አለኝ። መጀመሪያ የተናገረው ይህን ነው። ሁለት ወር ስልኩን ያላነሳሁለት አባቴ። «አባዬ» ልል ፈልጌ ለቅሶ ቀደመኝ።

ወንድሜ ሽሮፑን ጠጥቶ ሲተኛ የአባዬን ካልሲ ሂተሩ ላይ ዘረጋሁት። ጣቶቹ ቀልተዋል። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ስትመጡ ምን እንደምላችሁ ስድስት ዓመት ስለማመድ ነበር። ስትመጡ ሁሉም ጠፋኝ» አለ። ምንም አልመለስኩለትም። ብርቱካኑን ላጥኩለት።

እንዴት እንዳወቀ ቆይቼ ነው የተረዳሁት። ለካ ወንድሜ እኔ ሳሸልብ ስልኬን አንሥቶ ደውሏል። ፊት ለፊት የሚያፍረውን ሰውዬ አይደለም የደወለለት፤ የስልኩን አባዬ ነው። «ታዲያ ልጁ ከደወለ ምኑ ነው ተአምሩ?» የሚለኝ ሰው አለ። አልከራከርም። እኔ ሰው ላክልኝ ብዬ ነበር፤ ሰው መጣ። ያውም ከሰው ሁሉ የማልፈልገው። ቀኑ ጥር 15 መሆኑን ያስታወሰችኝ እማዬ ናት። ቂርቆስ ነው። ሕፃኑንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያዳናቸው ማን እንደሆነ ለኦርቶዶክስ ሰው አይነገርም።

አባዬ እማዬ ሳትደርስ ሄደ። እሷ ስትመጣ የተጠረገውን ደረጃ አየች፣ የብርቱካኑን ልጣጭም አየች። ምንም አላለችም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ጋ መሄድ ጀመርኩ። ለሁለቱም ከእንግዲህ መልእክት አላደርስም፣ ወረቀትም አልተረጉምም አልኳቸው። እማዬ አኮረፈች፤ ግን ለመደችው።

በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ሄድኩ። ጥላውን የገዛሁት መርካቶ ነው። ልሄድ ስነሣ ለሁለቱም ለየብቻ ነግሬያቸው ነበር። አባዬ «ለጥላው» ብሎ መቶ ዶላር ሰጠኝ። እማዬም በማግስቱ «ለጥላው» ብላ መቶ ዶላር በእጄ አስጨበጠችኝ። አንዳቸው ስለ ሌላው አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።