የስካይሪም ሞድን ከኮምፒውተር ወደ ኮንሶል ማሻገር

በቅድሚያ ሞዱ (የስካይሪም ጨዋታን ለመለወጥ ተጫዋቾች የሚሠሩት ተጨማሪ ፋይል) ኤስኬኤስኢ የተባለውን፣ የጨዋታውን አቅም የሚያሰፋ ፕሮግራም ይፈልግ እንደሆነ ይታይ። የሚፈልግ ከሆነ እንዳለ አይሻገርም፤ ኮንሶሉ (እንደ ኤክስቦክስና ፕሌይስቴሽን ያለ የጨዋታ ማሽን) ይህን ተጨማሪ ፕሮግራም አያስኬድም።

በስፔሻል ኤዲሽን (በታደሰው የስካይሪም እትም) ለሞዶች የሚሰጠው ቦታ በኤክስቦክስ ዋን 5 ጊጋባይት፣ በፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ቴክስቸሩን (የዕቃዎችን ገጽ የሚሸፍነውን ምስል) ከ2048 ወደ 1024 ፒክስል አውርዱት፤ ፋይሉ ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል፣ ከሶፋ ላይ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በፕሌይስቴሽን ግን ከባዱ ነገር መጠኑ አይደለም። ሶኒ ከውጭ የመጣ ምስል፣ ቅርጽም ሆነ ድምፅ ስለማይፈቅድ በጨዋታው ውስጥ ባለው ብቻ መሥራት ግድ ነው፤ ብዙ ውብ ሥራ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፋይሎቹን በቢኤስኤ (በጨዋታው ማሸጊያ ፋይል) ስታሽጉ ስሙ ከኢኤስፒው (ከሞዱ ዋና ፋይል) ስም ጋር አንድ ይሁን። ካልሆነ ጨዋታው አያነበውም፤ ቴክስቸሩ የጠፋ ዕቃ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል።

የሌላ ሰው ሞድ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሠሪውን ፈቃድ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፎልአውት 4 ለተባለው ጨዋታ በኤክስቦክስ ላይ ሞድ ሲፈቀድ፣ ብዙ ሞዶች ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ በሌሎች ሰዎች ተለጥፈው ነበር።