ከሰኔ በፊት የጣራችሁን ጠርዝ እዩ

ከቃሊቲ ወዲያ፣ በአቃቂ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው አገር ሜዳ ነው። እንጦጦ ሥር እንዳለው ሰፈር ነፋሱን የሚሰብርለት ጋራም ጥቅጥቅ ያለ ዛፍም የለውም። በበልግ ማብቂያና በክረምት መግቢያ ላይ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት የሚነሣው አውሎ ነፋስ ቀጥታ ቤቱን ያገኘዋል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የቆርቆሮ ጣራ የሚጠገነው ማፍሰስ ሲጀምር ሳይሆን ግንቦት ላይ፣ ደረቅ ሳለ ነው።

ቆርቆሮ ከመሃል ተነሥቶ አይሄድም። የሚጀምረው ከጠርዝ ነው፤ ከክፈፉ፣ ከአራቱ ማዕዘን፣ ከአናቱ ክዳን። ነፋስ ጣራን ወደ ታች የሚጫን ይመስለናል እንጂ በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይመጥጠዋል፤ በርና መስኮት ክፍት ከሆነ ደግሞ ከውስጥ የገባው አየር ይገፋዋል። በቁጥር ስናየው፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ግን አንዱን ካሬ ሜትር ወደ 30 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ሊያነሣው ይችላል፤ በማዕዘኖቹ ላይ ከዚያም ይብሳል። ጣራ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫን የማይረዳው ለዚህ ነው። 10 ኪሎ ድንጋይ ለ30 ኪሎ መልስ አይሆንም። በዚያ ላይ ቆርቆሮውን ያጎደጉደዋል፣ ሥሩ አፈርና እርጥበት አምቆ ያዝገዋል፣ ነፋሱ ሲበረታም ከሰው ራስ በላይ የተቀመጠ አደጋ ነው። ጣራውን የሚይዘው ምስማሩና ሞራሌው፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት ነው፤ ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

መሰላል አቁሙና ክፈፉ ላይ አንዷን ምስማር ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጤነኛ ከሆነች ቆቧ ጎማውን ተጭኖ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፏል፤ በጣት ብትገፏት አትነቃነቅም። የታመመችው በቆቧና በቆርቆሮው መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አላት። ጎማዋ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል ወይም ጭራሽ የለም፤ ዙሪያዋ ቡናማ የዝገት ቀለበት ሠርቷል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ሞልሟላ ሆኗል። ይህ የሚሆነው ቆርቆሮው ቀን በፀሐይ ሲለጠጥ ሌሊት በብርድ ሲኮማተር በየቀኑ ምስማሯን ስለሚወዘውዛት ነው። ሌላው ምክንያት እንጨቱ ነው። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚሠራው በባህር ዛፍ ነው፤ ባህር ዛፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ ይመታል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ የያዘውን ምስማርም ይለቃል። በአዲስ ቤት ላይ ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ምስማሮቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ግዴታ ነው እላለሁ።

የላላውን ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት ትልቁ ስህተት ነው። ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከአንድ ነፋስ አያልፍም። ንቀሉት፣ የድሮውን ቀዳዳ በሲልከንና ጎማ ባለው አጭር ብሎን ድፈኑት፣ አዲሱን በሚቀጥለው ጉብታ፣ ማለትም በሞገዱ ከፍ ባለው ክፍል ላይ ምቱ። አቅም ካለ በምስማር ፋንታ ባለ ጎማ የጣራ ብሎን ይሻላል። ጥርሱ እንጨቱን ስለሚይዝ በመወዛወዝ ቶሎ አይወጣም። ብሎኑ ጎማው ከቆቡ ሥር ትንሽ ወጣ እስኪል ድረስ ብቻ ይጠብቃል። ከዚያ ካለፈ ጎማው ይቆረጣል፣ ጉብታው ይጎደጉድና ውሃ የሚያቁር ትንሽ ሳህን ይሆናል። ምስማርም ሆነ ብሎን ምንጊዜም ጉብታው ላይ እንጂ ቦዩ ውስጥ አይመታም፤ ውሃው የሚሄደው በቦዩ ነው።

ብዛቱን በተመለከተ፣ በጣራው መሃል በየሦስተኛው ጉብታ አንድ ይበቃል። በክፈፉ፣ በጎኖቹ ጠርዝ፣ በአናቱና ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት መስመር ግን በየሁለተኛው ጉብታ ይሁን። በጉብታና በጉብታ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሞራሌው በየ90 ሴንቲ ሜትሩ በሆነበት መሃል ላይ በካሬ ሜትር 5 ያህል፣ በየ60 በሆነበት ጠርዝ ላይ 11 ያህል ይመጣል። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ አናጺ ጣራውን ሁሉ እኩል ሲመታው ካያችሁ አስቁሙት። ከመጨረሻው ሞራሌ አልፎ በአየር ላይ የሚንጠለጠለው ቆርቆሮም አጭር ይሁን። ለጥላ ብለው ግማሽ ሜትር ያለ ድጋፍ የሚያወጡት ክፈፍ ለነፋሱ እጀታ መስጠት ነው። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አስታውሱ። 35 ጌጅ ለአጥር ይሆናል፤ እዚህ ሜዳ ላይ ለመኖሪያ ቤት ጣራ አልመክረውም። 28 ጌጅ ዋጋው ቢከብድም ምስማሩ ሥር ቶሎ አይቀደድም።

መደራረቡም ነፋሱን ይወቅ። የጎን ድርቡ ሁለት ጉብታ ይሁን፣ የላይና የታቹ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጣራው ተዳፋቱ ትንሽ ከሆነ 25። ቆርቆሮ መምታት የሚጀመረው ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ነው፤ ያን ጊዜ የድርቡ አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ዝናብም አይነፋበትም።

ቆርቆሮው ሞራሌውን፣ ሞራሌው የጣራውን እንጨት ይዞ፣ የጣራው እንጨት ግን ግድግዳው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። ያ ቤት ጣራው እንዳለ፣ ሳይፈታ ይነሣል። በብሎኬት ቤት ከላይኛው ቢም ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ አስቀድሞ ይወጣና እንጨቱ ላይ ይጠመዘዛል። በጭቃ ቤት ደግሞ እያንዳንዱ የጣራ እንጨት ከሥሩ ካለው የግድግዳ ቋሚ ጋር በማይዝግ ወፍራም ሽቦ ሁለት ዙር ይታሰርና በፒንሳ እስኪጠብቅ ይጠመዘዛል። ኮርኒስ ከተመታ በኋላ ይህን ማየት ስለማይቻል ከኮርኒሱ በፊት ይሠራ። ለተሠራ ቤት ቢያንስ በአራቱ ማዕዘን ኮርኒሱን ከፍቶ ማሰር ያዋጣል።

ወደ ማፍሰሱ ስንመጣ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው እድፍ የቀዳዳውን ቦታ አያሳይም። ውሃ በሞራሌው ሆድ ላይ ተሳቦ ሁለት ሜትር ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። አንድ ሰው ውስጥ ይቁም፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ ላይ በየመስመሩ አምስት አምስት ደቂቃ ያጠጣ። ከአናቱ ከጀመራችሁ ሁሉም በአንዴ ይርሳል፣ የቱ እንደሚያፈስ አታውቁም። ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ሳይኖር በማለዳ የሚንጠባጠብ ጣራ ቀዳዳ የለበትም። የቤቱ እንፋሎት የበረደ ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። መድኃኒቱ ከአናቱ ክዳን ሥር በሁለቱም ጫፍ ወንፊት ሽቦ ያለው ማናፈሻ መተው ነው።

ዝገት ገና ዱቄት ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፣ አንድ እጅ አንቲረስት ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም ይቀባል። የተበሳ ከሆነ ግን በካትራሜ ወይም በሲሚንቶ መድፈን የአንድ ክረምት ነገር ነው፤ ቆርቆሮው ሲለጠጥ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። ሞገዱ የሚገጥም ቁራጭ ቁረጡ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ የላይኛው ጫፉ ከላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይግባ። ከላይ ብቻ ተለጥፎ የቀረ ቁራጭ ውሃውን ራሱ ያስገባዋል።

አሸንዳን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፤ እዚህ ግን ለግድግዳውም ሕይወት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል 1,200 ሊትር ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። አፈራችን ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አሸንዳውም ተዳፋቱን ያጣል፤ ከዓመት በፊት በትክክል ይፈስ የነበረው መሃሉ ላይ ማቆር ይጀምራል። በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ተሸካሚው በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን። በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ከ50 ካሬ ሜትር በላይ ጣራ ባትጭኑበት ይመረጣል። በረዶ ሲጥል አሸንዳው ይሞላና ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል፤ ስለዚህ የፊት ከንፈሩ ከኋላው ዝቅ ያለ ይሁን፣ ቢሞላም ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ሥራው በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ በእጅ የተያዘ ቆርቆሮም ሸራ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ለሁለት ያዙት። የምትረግጡት የምስማሩን መስመር ነው፣ ሥሩ ሞራሌ አለና። እርጥብ ጣራ ላይ አትውጡ። ከክፈፉ አጠገብ የሚያልፍ የመብራት ሽቦ ካለ መስመሩ ሳይቋረጥ ቆርቆሮ አታንሡ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቆርቆሮ ቢሄድ፣ ዝናቡ እስኪያባራ የሚያቆየው ሸራ ነው። ሸራው በአናቱ ላይ ተሻግሮ በወዲያኛው ወገን ቢያንስ 1 ሜትር ይውረድ፣ ጫፎቹ በጣውላ ተጠቅልለው እንጨቱ ላይ ይመቱ። በአናቱ ካልተሻገረ ውሃው በላይኛው ጫፍ ሥር ይገባል።

ቤት ሲሠራ ከዚያው ግዢ ሁለት ቆርቆሮና 100 ብሎን አስቀሩ። የፋብሪካ ሞገድ ይለያያል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የምትገዙት ላይገጥም ይችላል። ያስቀራችሁትንም መሬት ላይ አንጥፋችሁ አትደራርቡት፤ በመካከሉ እርጥበት ከገባ ነጭ ዝገት አውጥቶ ሳይመታ ያረጃል። ጣራ ባለበት ቦታ፣ ጣውላ ላይ፣ በቁመቱ አዘንብላችሁ አቁሙት።