«እኛ ጋ ምንም ችግር የለባትም» ለምትባል ልጅ

«እኛ ጋ እኮ በጣም ጨዋ ናት፣ ምንም አትረብሽም» ይሉኛል የልጄ ትምህርት ቤት። ሌላ ወላጅ ቢሰማው ደስ ይለው ይሆናል፣ እኔን ግን ሆዴን ያባባኛል፣ ምክንያቱም ያቺ ጨዋ የተባለችው ልጄ ቤት ገብታ በሩ እንደተዘጋ ቦርሳዋን ወርውራ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ መሬት ላይ ትዘረርና እስኪደክማት ታለቅሳለች፣ ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ ብላት መልስ የላትም፣ ልንካት ብል ትጮሃለች። ይሄን ስናገር የሚመጣልኝ መልስ ደግሞ ያው «ቤት ሞልቃቃ ሆና ይሆናል፣ ትንሽ ጠበቅ ያድርጓት» ነው።

አይደለም። ኦቲዝም ወይም ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ወይም ከባድ ጭንቀት ያለባቸው ብዙ ልጆች ቀኑን ሙሉ ራሳቸውን ይዘው ነው የሚውሉት፤ ጫጫታውን፣ ደወሉን፣ ግፊያውን፣ ማንም ያላስረዳቸውን የጨዋታ ህግ፣ አስተማሪ ባንድ ትንፋሽ የሚደረድረውን ትዕዛዝ፣ ሁሉንም ጥርሳቸውን ነክሰው ያልፉታል፣ ሌሎቹ ሲስቁ አይተው እነሱም ይስቃሉ። ከዛ የማይፈሩበት ቦታ ሲደርሱ የያዙት ሁሉ ይወጣል። በተለይ ሴቶቹ አስመስለው ማለፍ ስለሚችሉበት ብዙዎቹ ዘግይተው ነው የሚታወቁት። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ዲኤስኤም የሚባለው ሀኪሞች የአእምሮ ጤና ችግሮችን የሚለዩበት የአሜሪካ የሳይካትሪ ማህበር መመሪያ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ አንድን ልጅ ኦቲዝምም ኤዲኤችዲም አለበት ማለትን አይፈቅድም ነበር፣ አምስተኛው እትም ነው የቀየረው፣ ስለዚህ «የትኩረት ችግር ካለባት ኦቲዝም አይደለም» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ የድሮውን እየነገራችሁ ነው፣ ሁለቱ በጣም ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ።

የሚያናድደኝ ነገር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ድጋፍ ቶሎ የሚያገኘው ወንበር የሚገለብጥ ልጅ ነው። ዝም ብላ የምትሰቃየው ማንም አያያትም። አስተማሪውን ልወቅስ አይደለም፣ ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ዝም ያለችውን ለማየት ጊዜ ከየት ያመጣል፣ ግን ልጅቷ ደግሞ መጠበቅ አትችልም፣ ስለዚህ የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ የኛ የወላጆች ስራ ሆኗል።

እንዴት ካላችሁኝ፣ በማስታወሻ። ቤት ስላለቀሰችው ብቻ አይደለም የምጽፈው፣ እሱን «የቤት ጉዳይ ነው» ብለው ይመልሱታል። ከትምህርት ቤት ይዛው የምትመጣውን ነው የምጽፈው። ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ የተመለሰው የትኛው ቀን ነው? የሹራቧ እጅጌ ጫፉ ታኝኮ ርሶ የመጣው መቼ ነው? በዛ ቀን ምን ነበረ፣ ምትክ አስተማሪ ገብቶ ነበር ወይ፣ ፕሮግራም ተቀይሮ ነበር ወይ፣ የቡድን ስራ ነበር ወይ? ቀኑን፣ ከዛ በፊት የነበረውን፣ የሆነውን፣ ከዛ በኋላ የመጣውን፣ በአጭር በአጭሩ። እየቆየ ሲሄድ ነገሩ ራሱ ይናገራል። የኔዋ ክፉ ቀኖች አንድም ምትክ አስተማሪ የገባበት ነው አንድም ሁሉም ክፍል ባንድ አዳራሽ ምሳ የሚበላበት።

ከዛ ማስታወሻውን ይዤ ሄጄ አስተማሪዋን «ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ያዩባታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ያው «ምንም» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሽንት ቤት ግን ታበዛለች» አሉኝ። መቼ መቼ? ቆም አሉ... «የቡድን ስራ ስንጀምር ነው እኮ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየሁት። ልጅቷ ማምለጫ ፈልጋ ነበር፣ ያገኘችው ብቸኛ የተፈቀደ ማምለጫ ሽንት ቤት ነው። ከዛ በኋላ «ችግር አለባት የለባትም» የሚለው ክርክር ቀረና ስለ መፍትሄ ማውራት ጀመርን።

የምትጠይቁትም ነገር የሚቆጠር ይሁን። «እርዱልኝ» ካላችሁ «እሺ እንከታተላታለን» ይሏችኋል፣ አለቀ። እኔ የጠየቅኩት ከደወሉ ትንሽ ቀድማ እንድትወጣ፣ የቀኑ ፕሮግራም ተጽፎ ጠረጴዛዋ ላይ እንዲለጠፍና ለውጥ ካለ ጠዋት እንዲነገራት፣ ሳትናገር አሳይታ የምትወጣበት ካርድና ወጥታ የምታርፍበት የታወቀ ቦታ፣ ትዕዛዝ አንድ ባንድ እንዲሰጣት፣ እና ሲከብዳት የምትሄድበት አንድ የምታውቀው ትልቅ ሰው ነው። አብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ይሄ ለልጅቷ ለብቻዋ በሚዘጋጅ የትምህርት እቅድ ላይ ይጻፍ፣ ማን እንደሚሰራው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መቼ ተገናኝተን እንደምናየው ጭምር፤ «እንሞክራለን» የሚል ቃል ቲቸሩ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ዲያግኖሲስ (ችግሯ ምን እንደሆነ የሚለው የሀኪም ውጤት) እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ወንበር ለመቀየር የሀኪም ወረቀት አያስፈልግም። ግን ምርመራውን አትተዉት፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ለማግኘት ምናምን ብዙ ቦታ ወረቀቱን ይጠይቃሉ። በዛውም ጆሮዋንና አይኗን አስመርምሩ፣ እንቅልፏን እዩ፣ የሚያስቸግራት ልጅ ካለ አጣሩ፤ ለሰከንዶች ፍዝዝ ብላ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ ለሀኪም ንገሩ፣ አንድ አይነት የሚጥል በሽታ እንደዛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀልብ እንደማጣት ይታያል።

«እኛ እኮ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት አይደለንም» ካሏችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሳላማንካ መግለጫ የሚባለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዓለም አቀፍ ሰነድ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ሁሉ መቀበል አለባቸው ይላል፣ የአካልና የአእምሮ ብቻ ሳይሆን የስሜት ሁኔታቸውንም በስም ጠርቶ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተመድ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 24 ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ከአቅም በላይ ሳይሆን ነገሩን ለልጁ እንዲመች ማስተካከል) እና ለየልጁ የሚስማማ ድጋፍ ይጠይቃል። እኔ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አላነሳውም፣ ሰው ይደነግጥና በሩን ይዘጋል፤ በር ሲዘጋባችሁ ግን በጽሁፍ አንሱት፣ መልሱንም በጽሁፍ ጠይቁ።

ቤት ስትመጣ ደግሞ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ፣ ምን ተማርሽ» እያላችሁ አታጣድፏት፣ መጀመሪያ ትረፍ። የቤት ስራው ከበዛባት ይሄንንም እቅዱ ውስጥ አስገቡት፣ ግማሹን ብትሰራ ይበቃል የሚል አስተማሪ አለ፣ ከተጠየቀ።

አሁን እኔ እያሰብኩ ያለሁት ስለሚቀጥለው ክፍል ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ያሁኗ አስተማሪዋ ባሉበት አዲሱን አስተማሪ ማግኘት እፈልጋለሁ፣ እቅዱን አብረን እንድናነበው፣ እሷም ትምህርት ሳይጀመር ክፍሉን ባዶውን አይታ የት እንደምትቀመጥ እንድታውቅ። ጥያቄውን ጽፌ አስገብቻለሁ።